ሌላ ካለ ይጠቀስ

ሰው በአደባባይ የሚዋረድበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ መድረክ ላይ ሱሪው ይቀደድበታል፤ አንዱ ሚዜ ሆኖ የሙሽራዋን ስም ይረሳል፤ ሌላው ደግሞ ሊቀመንበሩ ሲናገሩ እንቅልፍ ይጥለውና ያንኮራፋል። እኔ የተዋረድኩት እየተጨበጨበልኝ ነው። እንዲህ ያለው ውርደት ክፋቱ፣ ባለቤቱ መጨረሻ ላይ መስማቱ ነው። የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር፤ አሁን አውርጄዋለሁ። ለምን እንዳወረድኩት ልንገራችሁ። በመሀል ብትስቁብኝ አይከፋኝም፤ እኔም ስቄበታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

የሕክምና ተማሪ ነኝ። የምማረው ደሴ ነው፤ አገሬ ግን አምባሰል። ከውጫሌ የተነሳ ባጃጅ አቅሙ እስከቻለ ያወጣችኋል፤ ከዚያ ያቃስትና ይቆማል፣ ሹፌሩም ወርዶ ጎማውን እንደ በሽተኛ እየዳበሰ «ከዚህ በላይ በእግር ነው ጌታዬ» ይላችኋል። እናትና አባቴ እኔ ሳልጠና ስለሞቱ ያሳደገችኝ አክስቴ ፋጡማ ናት። ሰፈሩ ፋጤ ይላታል፣ እኔ እማ እላታለሁ። ልጅ አልወለደችም። ለእሷ ያለኋት እኔ ብቻ፣ ለእኔም የነበረችኝ እሷ ብቻ ናት። ይኸው «የነበረችኝ» አልኩ፤ ወጉን ሳልጀምረው መጨረሻውን ነገርኳችሁ። ምን ላድርግ፣ መደበቅ አልችልበትም። በእኛ ቤት መደበቅ የምትችለው እሷ ነበረች።

ገና አንደኛ ዓመት ሆኜ የአጥንት ስም ስሸመድድ ጀምሮ ሰፈሩ ዶክተር ብሎኛል። ለእረፍት ስመጣ ላም ሲታመም እጠራለሁ፣ ሬዲዮ ሲበላሽ እጠራለሁ፣ አንድ ጊዜማ የባልና ሚስት ጠብ ላይ ተጠርቼ የሁለቱንም የደም ግፊት ለክቼ መጥቻለሁ። እማ ደግሞ ባጃጅ ላይ ከጎኗ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ «ልጄ ዶክተር ነው» ሳትል አትወርድም። ሰውየው ባይጠይቃትም ትነግረዋለች። ከወረደ ተከትላው ወርዳ ትነግረዋለች።

ታዲያ የመመረቂያ ጥናት የምንሠራበት ዓመት መጣ። የኔ ርዕስ ሰው ሕመም ሲሰማው ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ለምን ይዘገያል የሚል ነበር። መጠይቅ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ የሕመም ምልክቶች ይጠየቃሉ፤ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ ወዘተ። ቀጥሎ ሕመም ሲሰማዎት ስንት ቀን ቤትዎ ይቆያሉ የሚል አለ። መጨረሻ ላይ የዘገዩበት ምክንያት ተዘርዝሯል፤ ርቀት፣ የገንዘብ እጥረት፣ የሥራ መብዛት፣ የእውቀት ማነስ። ከሁሉ በታች «ሌላ ካለ ይጠቀስ» የሚል ጽሑፍና ረጅም ባዶ መስመር አለ። መስመሩን ያስረዘመው አማካሪዬ ነው። «ሰው አንተ ያላሰብከውን የሚነግርህ እዚህ ላይ ነው» ብሎኝ ነበር።

ጥናቱን የት ልሥራው? እዚያው ሰፈራችን። ሁሉም ያውቀኛል፣ እውነቱን ይነግሩኛል አልኩ። እንዲህ ያለ ጅል ወሎ አብቅላ ታውቃለች?

ከመሄዴ በፊት ለእማ ደወልኩላት።

«መጠይቅ ይዤ እመጣለሁ እማ።»

«ምንድን ነው እሱ፣ ፈተና ነው?»

አሁን ይቺን መልሴን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። «አዎ፣ እንደ ፈተና ነው» አልኳት፣ ማብራራቱ ሰልችቶኝ። «መልሱ የሚመጣው ግን ከእናንተ ነው። እሱ ካልተሳካ አልመረቅም።»

ከዚያ «አብሽር፣ ጀሊሉ ያውቃል» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ሥራውን የጀመርኩት ከቤታችን ነው። ቅጽ ቁጥር አንድ፣ እማ። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። እኔም ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስክሪብቶ መዘዝኩ።

«ባለፉት ወራት ሳል ነበረሽ?»

«የለም።»

«የትንፋሽ ማጠርስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እማ፣ እሱ መልስ አይሆንም። አዎ ወይ የለም በይ።»

«የለም በል። ቶሎ ቶሎ ጻፍ እንጂ!»

«የእግር እብጠት?»

እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ሰበሰበችው። «የምን እብጠት አመጣህብኝ፣ ደህና ነኝ አልኩህ።»

የለም ብዬ ጻፍኩ።

«ሕመም ሲሰማሽ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

«ምን ያስቆየኛል፣ የዚያኑ ቀን!»

«መንገዱ አይከብድሽም?»

«ስሄድ ቁልቁለት ነው።»

«ስትመለሺስ?»

«ስመለስማ ድኛለሁ።»

ሳቅን። ወላሂ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የእሷ ትንፋሽ ግን ሳቃችን ካበቃ ትንሽ ቆይቶ ነው የተመለሰው። እኔ የሚቀጥለውን ገጽ እየገለጥኩ ነበር። «ስንቱን መለስኩ?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። «እሰይ!» ብላ እጇን አጨበጨበች።

ከዚያ ወደ ጎረቤት። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ሙሔ ናቸው። ቅሬ የማታውቁ ካላችሁ፣ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀበርበት፣ ማለቴ አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ የታመመ ይሸከማል፣ የሞተ ይቀብራል፣ ያዘነ ያስተዛዝናል። ዳኛው የተናገረው ይጸናል። ጋሽ ሙሔን ሳል አለብዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሳል? እህ… እህ እህ… በጭራሽ!» አሉኝ። ፊታቸው እስኪጠቁር ሳሉና ደረታቸውን ይዘው «እህ… ስሙንም ሰምቼው አላውቅ» ብለው ጨረሱ።

መጠይቁ ላይ «ተጠያቂው እንደመለሰው ይሞላ» ይላል። የለም ብዬ ሞላሁ።

ከእሳቸው ቀጥሎ እማማ ተዋቡ፤ ከእማ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ በየዓመቱ ግሸን የማይቀሩ እናት። ቅልጥማቸው ላይ ቅጠል በጨርቅ ታስሯል። «ቁስል አለብዎት?» አልኳቸው። «የለም።» «ይኼ የታሰረውስ?» ቅልጥማቸውን የሰው ቅልጥም እንደሚያይ ሰው አዩት። «ይኼ? እንዲያው ሲያምር ብዬ ነው» አሉኝ።

ሲያምር ብለው ነው! ይህን ሰምቶ ጌጥ ነው ብሎ የሚያልፍ የሕክምና ተማሪ አይታችሁ ካላወቃችሁ እዩኝ። አልጠረጠርኩም አልልም። ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን ሥራው እንዲህ በዘይት እንደተቀባ ሲንሸራተትላችሁ፣ ማን ነው ቆም ብሎ ለምን ይንሸራተታል የሚለው? ሌሎቹ ጓደኞቼ በየገጠሩ ውሻ እያባረራቸው አንድ ቅጽ ለማስሞላት ግማሽ ቀን ሲለምኑ፣ እኔ በየደጁ ወንበር ተዘርግቶ ነው የሚጠብቀኝ።

ደሴ ተመልሼ መልሱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ። ኮምፒውተሩም የሰውን መልስ በየቀለሙ ቆራርሶ የሚያሳይ ክብ አወጣልኝ። የሌላ ሰው ክብ አራት አምስት ቀለም አለው። የኔ ባለ አንድ ቀለም ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ። አማካሪዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«ይኼ ድፎ ዳቦ ምንድን ነው?»

«ውጤቱ ነው ዶክተር። አንድም የሚዘገይ ሰው የለም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ሌላ ካለ ይጠቀስ የሚለውስ?»

«ሁሉም ላይ ባዶ ነው።»

«ተመልሰህ ሂድና እንደገና ጠይቅ። እንዲያውም ሌላ ሰው ይጠይቅ» አለኝ። የተማሪዎች ጉባኤ ደርሶ ነበርና ጊዜ የለኝም አልኩት። ተሟገትኩት። በመጨረሻ «እንግዲያው በራስህ ኃላፊነት አቅርበው» አለኝ። ይቺንም ያዙልኝ። የነገረኝ ሰው አልጠፋም።

በተማሪዎቹ ጉባኤ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ ያ የሰቀልኩት ወረቀትም የተሰጠኝ ያኔ ነው። አንድ ሰውዬ ተነስተው «ከዚህ ቀበሌ ልምድ መቀሰም አለበት» አሉ። እዚያው ሳለሁም ሐይቅ ከተማ ለሚደረግ ትልቅ ጉባኤ ተጋበዝኩ። ከየአገሩ ሐኪሞች ይመጣሉ ተባለ። ለእማ ወዲያው ደወልኩላት።

«ሐይቅ ድረስ መጥተሽ ታዪኛለሽ። ካልመጣሽ አልናገርም!»

«እንዴት አልመጣም፤ ኢንሻአላህ እመጣለሁ» አለች። ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ነው ያለችው። ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ሰዉ ሁሉ ሐይቁን እያየ ፎቶ ሲነሳ እኔ ከከረባቴ ጋር እታገላለሁ። ከረባቱ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ጊዜ ለወንድሙ ሠርግ አስረውለት ከዚያ ወዲህ ማሰር የሚችል ስለጠፋ ሳይፈታ እንዳለ ይኖራል። በጭንቅላት ይጠለቃል። የጓደኛዬ ጭንቅላት ትልቅ ስለሆነ እኔ ላይ ሰፋ፤ በመርፌ ቁልፍ ከሸሚዜ ጋር አያያዝኩት። እንዲህ ሆኜ ስሜ ተጠራ።

መድረክ ላይ ወጣሁ። ማይክሮፎን ሰጡኝ። ስላይዱን የማሳይበትን ቀይ መብራት ሳበራው ጽሑፉን ትቶ የሊቀመንበሩ ራሰ በራ ላይ ይጨፍራል። ሰዉ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ የኋላው በር ተከፈተ። እማ! ሰማያዊ ሻሿን አስራ፣ በቀኝ ጋሽ ሙሔ በግራ እማማ ተዋቡ ክንድና ክንዷን ይዘዋት ገባች። እንዴት አክብረዋት ነው ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። መጨረሻ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«እንግዶች መጥተውልናል» አልኩ በማይክሮፎኑ። «ጥናቱ የተሠራባቸው የአምባሰል ሰዎች ናቸው።» አዳራሹ ዞሮ አጨበጨበ። ጋሽ ሙሔ ለምስጋና ተነሱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ሳል አፍኗቸው ሳይናገሩ ተቀመጡ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚህ መሀል አረንጓዴውን ክብ አመጣሁ።

«እንደምታዩት ከጠየቅኳቸው ውስጥ ሕመም ተሰምቶት ቤቱ የሚቀመጥ አንድም ሰው የለም» አልኩ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሐኪም ተቀምጠዋል። እሳቸው ክቡን አይደለም የሚያዩት፤ አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ነው። እጃቸውን አወጡ። አገኘሁ፣ ስለ አሠራሩ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ የሸመደድኩትን መልስ አዘጋጀሁ።

«ከኋላ ያሉት፣ ሰማያዊ ሻሽ ያደረጉት እናት ማን ናቸው?»

«እናቴ ናቸው ዶክተር» አልኩ በኩራት።

«ተጠይቀው ነበር?»

«ቅጽ ቁጥር አንድ!»

«ውረድና ትንፋሻቸውን ቁጠር» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወረድኩ። በወንበሮቹ መሀል ስሄድ ማይክሮፎኑ እጄ ላይ እንዳለ ረስቼዋለሁ። እማ ፊት ስደርስ ተንበረከክኩ፤ ያን ጊዜ ትንፋሿ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገባና አዳራሹን ሞላው። ሽው፣ ሽው፣ ሽው ይላል፣ አየር ያጣ ሰው ትንፋሽ። ቀሚሷን ከጫማዋ ላይ ገለጥ አደረግኩ። እግሯ አብጦ የጫማው ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። በጣቴ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሳ የተሰረጎደው ቦታ እንደተሰረጎደ ቀረ። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ።

እማ እጄን ገፋችው። የምትለው ሁሉ በማይክሮፎኑ ይሰማል።

«ተመለስ ወደ ቦታህ… ሰዓትህ እያለቀ ነው… እንዳይጥሉህ።»

ከረባቱን የበጠስኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ፀጉራቸው የሸበተው ሐኪም መጥተው አንገቷንና ደረቷን አዩ፤ ልቧ ነው አሉ። እዚያው ከነበሩት አንዱ መኪናውን አስነሳና ደሴ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰድናት። ስላይዱን ያጠፋው ሰው አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ ሲወጣ አረንጓዴው ክብ ግድግዳው ላይ ቀርቷል ብለው ኋላ ነገሩኝ።

የሚቻለው ሁሉ ተደረገላት። ሆስፒታል ያከማት ሐኪም በር ላይ ጠርቶኝ «ከወራት በፊት ብትመጣ ኖሮ» አለና ተማሪ መሆኔን ሲያስታውስ አረፍተ ነገሩን አልጨረሰልኝም። እኔ ልጨርሰው እችላለሁ። የጥናቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ጥናቱን አውጣልኝ፣ ውሸት ነው አልኩት። አላስጨነቀኝም፤ ከመዝገብ አወጣውና ትከሻዬን ይዞኝ ቆመ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። እማ አፏ ላይ የተደረገውን ኦክስጅን በእጇ ዝቅ አደረገችው።

«አለፍክ?»

ምን ልበላት? እናንተ ምን ትሏት ነበር?

«አለፍኩ እማ። በማዕረግ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ኦክስጅኑን ራሷ መለሰችው። በማግስቱ ከቀትር በፊት ሞተች።

አልቅሰን ቀበርናት። አምባሰል በሙሉ የወጣ ነው የመሰለኝ፤ እስላሙ ሲሰግድባት ክርስቲያኑ ራሱን ሸፍኖ ቆሟል። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ሙሔ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። ዓይኔን አያዩም። መሬቱን በከዘራቸው ይጭራሉ።

«አንተ ልጅ፣ የምነግርህ አለ። እያሳልኩ አልሳልም ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?»

«ለምን ነው ጋሼ?»

«ፋጤ ናታ! አንተ የደወልክ ቀን ቅሬውን ሰበሰበችን። ‹ልጄ ፈተና አለበት፤ መልሱ ከእኛ ነው የሚመጣው አለኝ። ታምሜያለሁ ብላችሁ እንዳታስጥሉት› አለችን። እኛም መከርን። የሳልነውም ያበጥነውም ደህና ነን እንድንል ተስማማን። ያንተ ማለፍ የሁላችን አይደል? የደበቅንህ ጠልተን አይደለም።»

ጋሽ ሙሔ ገና አልጨረሱም።

«ሐይቅ የመጣን ቀንም… በእግሯ መሰለህ የወረደችው? በቃሬዛ ተሸክመን ነው። ባጃጁ ድረስ ተፈራርቀን። ሐይቅ ስንደርስ ‹አውርዱኝ፣ ቆሜ ይየኝ› ብላ ነው ደግፈን ያወጣናት።» ከዘራቸውን አቆሙት። «ውጫሌ ላይ በጤና ጣቢያው በር ስናልፍ እንግባ አልናት። ለመንናት። ‹ዛሬ ከገባሁማ መልሴ ውሸት ሊሆንበት ነው፤ ከጨረሰ በኋላ እንገባለን› አለች።»

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። ሴቶቹ አዲስ ለቀስተኛ የመጣ መስሏቸው አብረውኝ ጮሁ። ጋሽ ሙሔም ማልቀስ ጀመሩ፤ ልቅሶው ሳል ሆነባቸው፣ ሳሉም አላቆም አለ። ተነሳሁ፤ ጋቢያቸውን ገለጥኩና ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ ለጠፍኩ፤ ለቅሶ ቤት መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። የሰማሁት ደስ አላለኝም። በማግስቱ ጠዋት እሳቸውንና እማማ ተዋቡን ይዤ ውጫሌ ወረድኩ። እማማ ተዋቡ መንገዱን ሙሉ «ቁስሉን ሲያምር ነው ማለቴን ለዶክተሮቹ እንዳትነግር» እያሉ ሲለምኑኝ ነበር። ጋሽ ሙሔ አሁን መድኃኒታቸውን ጀምረዋል፤ ቀን የሳቱ እንደሆነ ቅሬው ይቆጣቸዋል።

ጥናቱን እንደገና እየሠራሁት ነው። አሁን የምጠይቀው እኔ አይደለሁም፤ ማንም የማያውቃት የሌላ አገር ልጅ ናት። ሰዉ ለእሷ እየነገራት ነው። ሳሉን፣ ቁስሉን፣ እብጠቱን፣ ሁሉንም።

ቅጽ ቁጥር አንድን ግን ለእሷ አልሰጠኋትም። ባዶ ቤታችን ገብቼ፣ እማ ተቀምጣበት በነበረው ቦታ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ራሴ ሞላሁት። የትንፋሽ ማጠር፣ አዎ። የእግር እብጠት፣ አዎ። ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ስለማላውቅ ግድግዳውን አንኳኩቼ እማማ ተዋቡን ጠየቅኳቸው፤ «ከአጨዳ በፊት ጀምሮ» አሉኝ። የዘገዩበት ምክንያት ላይ ደረስኩ። ርቀት አይደለም፤ ከዚያ የራቀ ሐይቅ ድረስ ሄዳለች። ገንዘብ አይደለም። ሥራ መብዛትም፣ እውቀት ማነስም አይደለም።

ሌላ ካለ ይጠቀስ ይላል። መስመሩ ረጅም ነው። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩበት።